ከባንዲራው እስከ ድንጋይዋ

ቲቸር አንጁሎ መሞቱን የነገረኝ ደስታ ነው። ከሰው ሁሉ ደስታ! ስልኩን ሳነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር አስቴር፣ ታላቁን መምህራችንን አጣን እኮ» አለኝ። ማንን እንደሚል መጀመሪያ አልገባኝም። ደስታ «ታላቅ» ሲል የሰማሁት ከአዋሳ ለጉብኝት የመጣ ኃላፊ ሲያስተዋውቅ ብቻ ነው። ስሙን ሲጠራልኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ ሳይመጣ ንዴቴ ቀደመው። ታላቁ መምህራችን? ያንን ታላቅ መምህር ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ያስነሳው ማን ሆነና ነው! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ነውር ነው የሚል ካለ ይበል፤ ግድ የለኝም።

ደስታ ያኔ የትምህርት ቤታችን ምክትል ዳይሬክተር ነበር፤ ዛሬ ሶዶ ውስጥ ጸሐፊ ያለው ቢሮ ይዟል። አንጁሎ ደግሞ ከዱቦ በኩል የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር፣ ረጅም፣ አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ። እኔ ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው። መምህራን ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት እንጋራ ነበር፤ በኔ በኩል ካርታ፣ በሱ በኩል የበቆሎ ቂጣና ዳጣ። ዳጣ የምንለው የወላይታ በርበሬ ነው፤ እሱ ዕቃውን ሲከፍተው ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ በመጀመሪያው ሳምንት አንቱ ስለው ተቆጣኝ። «አንቱ አትበይኝ፤ ጡረታ ያወጣሽኝ ይመስለኛል» አለ። ስለዚህ ሞቶም አንቱ አልለውም።

ክፍል ውስጥ ጠመኔውን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮው ላይ ይሰካል። ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠው ጎበዝ አይልም። ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ከየት አመጣኸው?» ይላል። ልጁ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት የነገሩን» ካለ አለቀለት።

«እኔ ብዋሽስ?»

ክፍሉ ይስቃል። እሱ አይስቅም። «እኮ፣ እኔ ብዋሽስ? በምን ታውቃለህ?» ልጁ በምን እንደሚያውቅ እስኪያስረዳ ድረስ አይቀመጥም። ዛሬም ሶዶ ውስጥ አንድ ነርስ ወይም አንድ ሾፌር በጨዋታ መሀል «እኔ ብዋሽስ?» ሲል ከሰማሁ የማን ተማሪ እንደነበር አልጠይቅም።

ከዚያ ፕላዝማ መጣ። ያላየው ካለ ልንገረው። በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተተከለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይለቀቃል፤ የመምህሩ ሥራ ከፍቶ መቆም ሆነ። ቤቱ በወላይትኛ ያደገ፣ አማርኛን እንኳ ከገበያና ከትምህርት ቤት የለቃቀመ ልጅ፣ ፊዚክስ በዚያ ፍጥነት በእንግሊዝኛ ይዘንብበታል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ማን መለሰ? ማንም! ክፍል ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፣ እሷ ቬሪ ጉድ! አንጁሎን የሚያበግነው ይሄ ነበር። «ያልመለሰን ሰው ማመስገን ምን የሚሉት ነገር ነው?» ይለኛል። መብራት ሲጠፋ ብቻ «ጌታ ይመስገን» ብሎ ጠመኔውን ከጆሮው ያወርዳል።

አንድ ቀን ጎን ለጎን ክፍል ውስጥ ሳለን የሱ ክፍል ፕላዝማ በድንገት ጸጥ አለ። መብራት እንዳልጠፋ አውቃለሁ፤ የኔው እየጮኸ ነው። ብቅ ብዬ በመስኮት አየሁ። ትምህርቱ ስለ ፕላኔቶች ነበር። ሴትየዋ በማርስና በጁፒተር መሀል ያለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘልላው ሄዳ ኖሮ፣ ኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እዚያ መሀል ያለው ምንድን ነው?» ትለዋለች። አንጁሎም ቴሌቪዥኑን ድርግም።

«ድንጋይ ነው» ይላል፣ ስደርስ። «አስትሮይድ ይሉታል። ፀሐይን የሚዞር ብዙ ድንጋይ፣ እንደ ቀበቶ። ወደ ፀሐይ ቀረብ ያሉት ብርሃን ይመልሳሉ፣ ቶሎ ይታያሉ። የቀበቶው ዳር ላይ ያሉት፣ ወደ ጁፒተር ጠጋ ያሉት ግን ብዙዎቹ ጥቁር ናቸው። ከከሰል የማይሻል ጥቁር። ደግሞ በደህና መሣሪያ ሲያዩዋቸው ቀላ የሚሉ አሉ።»

«ጥቁር ሆኖ እንዴት ይቀላል?»

«የሁምቦን ቀይ አፈር በጥላሸት ብትለውሺው ምን ይመስላል?»

ልጅቷ አሰበች። «ኦ!» አለች።

ከነዚያ ስለ አንዷ መጽሔት ላይ አንብቦ ነበር። ስም እንኳ ያላወጡላት፣ በቁጥር የምትጠራ ድንጋይ። ከፀሐይ ስለራቀች ድሮ እንደተሠራች ሳትለወጥ ኖራለች ብለው ይገምታሉ አለ። ስለሷ ሲያወራ ያ ኮስታራ ፊቱ ይፈታል። «ብርሃን ስለማትመልስ አትታይም እንጂ አለች» አለ፣ ጠረጴዛውን እየመታ። «አለች!»

«ስንት ይርቃል?» አለች ልጅቷ።

«ቅዳሜ ሄደን እናያለን።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ የምሩን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ። ማዳበሪያው ውስጥ ከዳሞታ ተራራ ሥር ያነሳት፣ የሰው ራስ የምታህል ድንጋይ አለች። ጋራዥ ወስዶ በተቃጠለ ዘይት ነክሯታል፣ ላይዋን በሁምቦ ቀይ አፈር አሽቷታል። ጥቁር ናት፤ ፀሐይ ላይ ሲያዞሯት ግን ቀላ ትላለች። ልጆቹ እየተቀባበሉ አዩዋት፣ የሁሉም እጅ ጠቆረ።

ግቢው መሀል ያለውን የባንዲራ መስቀያ እያሳየ «ፀሐይ እዚህ ናት» አለ። «መሬትን ወፍጮ ቤቱ ጋ ካደረግናት ሌላው ሁሉ በዚያ ይለካል። መጠናቸውን እዋሻችኋለሁ፤ በልኩ ይሁን ካልን ይህች ድንጋይ በዓይን አትታይም። ርቀቱን ግን አልዋሽም።»

ሄድን። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ርቀት የኔም ትምህርት አይደል? መሬትን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አለፍናት፤ ማርስ ከተማው የሚያልቅበት ጎሚስታ ጋ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ባዶ መንገድ ብቻ፣ ወደ ሁምቦ ቁልቁል የሚወርድ፣ ቆላው ከታች ተዘርግቶ። ልጆቹ «ደረስን?» ሲሉ «ገና» ይላል። እንደገና «ደረስን?» ሲሉ «ገና!» ይላል። ያ ባዶ መንገድ ነበር ትምህርቱ። ሴትየዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈችውን እኛ በጫማችን አለፍነው፣ ላባችን እየተንጠባጠበ። ሳንጨርሰው ዝናብ መጣ። ልጆቹ ተንጫጩ። አንጁሎ የቀረውን መንገድ አየ፣ ልጆቹን አየ፣ አመነታ። «በቃ፣ እዚህ ትሁን» ብሎ መንገድ ዳር ካለ ግራር ሥር አስቀመጣት። ስንመለስ ልጆቹ እየዘመሩ ነበር፤ እሱ ግን እየዞረ ወደ ግራሩ ያይ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ ምን እንደነበር ያለፈበት ያውቀዋል። ሰውዬው ተነስቶ በባልደረቦቹ ፊት ራሱን ይወቅሳል፤ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌላው የጎደለውን ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ እንደ ተማሪ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሰጠዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት ተማሪ መንገድ ወጥቶ ከተማው ታምሶ ስለነበር፣ ብዙ ተማሪ አብሮ ሲራመድ ያየ ባለሥልጣን ሁሉ ይደነብር ነበር። ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው።

ከመግባታችን በፊት ደስታ ኮሪደር ላይ አንጁሎን በክንዱ ያዘው። አጠገቡ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። «ወንድሜ፣ አታካብደው። ‹አጥፍቻለሁ፣ አይደገምም› በል። አንድ ቃል ናት። ክፍልህን ይዘህ ትቀጥላለህ። ካላልክ ግን ከክፍል ትወጣለህ፤ እኔም አላድንህም» አለው። ለአንጁሎ ክፍል ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። አውቆ ነው እዚያች ላይ የያዘው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጠረጴዛዎቹን ገጥመን ተቀመጥን። ደስታ ቆሞ ዘረዘረ። መንግሥት በስንት ወጪ ያመጣውን ፕላዝማ አጥፍቷል። ያለ ፈቃድ ተማሪ ሰብስቦ ከከተማ አውጥቷል። ከባንዲራው መነሳቱም ምን ለማለት እንደሆነ መጣራት አለበት። የአመለካከት ችግር አለበት። ኪራይ ሰብሳቢነት ይታይበታል። ኪራይ ሰብሳቢ! አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው! ደሜ ፈላ፤ ብድግ አልኩ።

«እኔም አብሬ ሄጃለሁ! ድንጋይ ልናይ ነው የሄድነው! እኔንም ገምግሙኝ!»

«ቁጭ በይ፣ ቲቸር አስቴር።»

«አልቀመጥም! የትኛው ሕግ ነው መራመድ…»

«ቁጭ በይ ተብለሻል!»

አንጁሎ የኮቴን ጫፍ ይዞ ጎተተኝ። «ተዪው» አለኝ በወላይትኛ። «እኔ እነግራቸዋለሁ።» ተነሳ። ጠመኔው ጆሮው ላይ እንደተሰካ ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ደስታ ፈገግ አለ።

«ያጠፋሁት ድንጋይዋን ነው» አለ አንጁሎ። «እንደዚያች ያለችው ድንጋይ ቦታዋ የቀበቶው ዳር ነው። እኔ መሀል ላይ አስቀመጥኳት። ዝናብ መጣ፣ ለልጆቹ አዘንኩ፣ አሳጠርኩት። ርቀቱን አልዋሽም ብዬ ዋሸኋቸው። ነገ ወስጄ ቦታዋ አደርሳታለሁ። ግለ ሂሴ ይሄ ነው።» ተቀመጠ።

ኬሚስትሪ አስተማሪው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልቻለም። የደስታ ፊት ሲቀላ አየሁ። ያሾፈበት መሰለው። አላሾፈም! የሰውዬው ትልቅ ነገር ይሄ ነው፣ ከልቡ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳችው ያቺ የተሳሳተች ቦታ ነበረች እንጂ ግምገማው አልነበረም። ሲ ሰጡት።

በማግስቱ ድንጋይዋን ከግራሩ ሥር አንስቶ ተሸከማት፣ እኔ ዘይቱንና አፈሩን ያዝኩ። ወረድን፣ ወረድን፣ በመጨረሻ ጋሽ ማዳ የሚባሉ ገበሬ ማሳ ጥግ ላይ ቆመ። ጋሽ ማዳ ከቤታቸው ወጡና ድንጋይዋን ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«እባብ አትጠራም?»

«አትጠራም፣ ጋሼ። ለትምህርት ነው።»

«በሬ ካላስደነገጠች ትቀመጥ» አሉ። ሙዝ አወጡልን፤ በላን። አንጁሎ ወደ ሶዶ ዞሮ የመጣነውን መንገድ በሙሉ አየው። «አሁን እውነት ሆነ» አለ።

ወር ሳይሞላ «ለሥራው ሲባል» ተዛወረ። ለሥራው ሲባል! ወደ ተበላ ከተማ አቅጣጫ፣ ቆላ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሰደዱት፤ ለማስተማር አይደለም፣ ለንብረት ክፍል። መጥረጊያ፣ ኳስ፣ የጠመኔ ካርቶን እንዲጠብቅ። ያንን የመሰለ መምህር ጠመኔ አዳይ አደረጉት። አንዴ ልጠይቀው ሄጄ መስኮቱ ጋ ቆሜ አየሁት። አንዲት የክፍል አለቃ ጠመኔ ልትወስድ መጥታለች። ጠመኔውን አንስቶ አይሰጣትም። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ይላታል። ነገረችው። «ማን ነው ያለው?» «ቲቸር።» «ቢዋሽስ?» ልጅቷ ግራ ገብቷት ስትስቅ እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ከማስተማሩ ያን ያህል ነው የቀረው፣ በአንድ ጠመኔ ልክ። እሱ ግን ሳቀብኝ። «ምን ያስለቅስሻል? ቆላ ይሁን እንጂ እኮ ከድንጋይዋ አልፌ ነው የምኖረው፤ ጁፒተር ደርሻለሁ።»

ወደ ሶዶ ሲመጣ ከሚኒባሱ ጋሽ ማዳ ማሳ ጋ ይወርዳል። በውሃ ሃይላንድ የተቃጠለ ዘይት ይይዛል፤ ዝናብና ፀሐይ ያነጣትን ድንጋይ እንደገና ያጠቁራታል፣ በአፈር ያሻታል፣ ሌላ መኪና ይጠብቃል። በየዓመቱ ወደ ክፍል መልሱኝ ብሎ ይጠይቃል። በየዓመቱ መልሱ አንድ ነው፤ ጥፋትህን እመን። «ምኑን ልመን?» ይለኛል። «አሁንማ ልክ ቦታዋ ላይ ናት!» በዚህ እየሳቀ አረጀ። አንድም ቀን መልሰው ክፍል ሳያስገቡት፣ ስኳር በሽታው ጨረሰው።

ለቀብሩ ዱቦ ሄድኩ። መዘምራኑ ሲዘምሩ ደህና ነበርኩ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ግን «በንብረት አስተዳደር ዘርፍም ለረጅም ዓመታት በትጋት አገልግለዋል» የሚል መጣ። ዘርፍ! ከዚያ ደስታ ተነስቶ ተናገረ። «የሳይንስ አባት» አለው። «ለትውልድ የበራ መብራት» አለው። መሀረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ኧረ ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ አልኩ፤ ከንፈሬን እስኪደማ ነከስኩ። አንድም ሰው፣ አንድም! «ታዲያ ይህን መብራት ማን አጠፋው?» አላለም። የተማሪዎቹ ብዛት ግን የመቃብሩን ስፍራ ሞልቶ መንገድ ላይ ፈሶ ነበር፤ ደስታ ያየው እሱን ይመስለኛል፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ሳምንት ቆይተው ጠሩኝ። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ቤተ መጻሕፍት፣ ጠረጴዛዎቹ እንደያኔው ተገጥመው። አዲሱ ዳይሬክተር ልጅ እግር ነው፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ። ደስታ መሀል ተቀምጧል። ለታላቁ መምህር መታሰቢያ ሊሠሩ ነው። ያቺን ድንጋይ አምጥተው ባንዲራው ሥር በሲሚንቶ ሊተክሏት፣ ስሙን በእብነ በረድ ሊጽፉ፣ ከዞን እንግዳ ሊጠሩ።

«ግራሩ ሥር ሰው ልከን ነበር፣ ድንጋይዋ ጠፋች» አለ ደስታ። «ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉን።»

ግራሩ ሥር! ሰውየው ቆሞ፣ በሱ ፊት፣ ነገ አነሳታለሁ ብሎ ነበር እኮ። በዚያች ንግግር ከክፍል ያስወጣው ሰው ንግግሩን አልሰማውም! አይ ደስታ!

«ባንዲራው ሥር?» አልኩ። «ባንዲራው ፀሐይ ነው። ድንጋይዋን ፀሐይ ላይ ልትተክሏት ነው? ሰውየው እኮ ዕድሜውን የከፈለው እዚያ እንዳልሆነች ለማሳየት ነው።»

«ምልክት ነው እኮ፣ ቲቸር አስቴር። ርቀቱ ምን ያደርጋል?»

ርቀቱ ምን ያደርጋል። እንዲህ አለ፣ በዚያ አፉ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ስነሳ።

«ርቀቱ ነው ትምህርቱ!» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ ለዚህች ርቀት ብለህ ነው ጠመኔ አዳይ ያደረግኸው! አሁን ሞተና ድንጋይዋን ጎትተህ ደጅህ ልትሰቅላት? አትነሳም! ባለችበት ትኖራለች። ማክበር የፈለገ ከባንዲራው ተነስቶ በእግሩ ይሂድ!»

«ቁጭ በይ» አለ ደስታ። ልማዱ ነው።

ኮቴን የሚጎትተኝ ሰው አልነበረም። አልተቀመጥኩም። ከዚያ ያ ልጅ እግር ዳይሬክተር ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ምንም ሳያስበው «ስንት ይርቃል?» አለኝ።

የወደቀውን ወንበሬን አንስቼ አቆምኩት። «ቅዳሜ» አልኩት፣ «ቅዳሜ ሄደን እናያለን። ተማሪዎቹን ይዘህ ና።»

ደስታ ሰዓቱን አየ። «መኪና ያስገባል?» አለ።

«አያስገባም» አልኩት።

ያስገባል። ከአስፋልቱ ዳር ናት፣ የጭነት መኪና ሳይቀር ጋሽ ማዳ ደጅ ድረስ ይገባል። ዋሸሁት፤ አንጁሎ ቢሰማ ይቆጣኝ ነበር። ርቀቱን ግን አልዋሸሁም።